ከታይመሩ የቀደመ አፍንጫ

ፌርፋክስ አጠገብ ባለችው አፓርትመንቴ ለልጄ ክፍል ልጆች ሹገር ኩኪ የሚባለውን የስኳር ብስኩት እየጋገርኩ ነው። የመጀመሪያውን ትሪ አሳርሬ ጣልኩት። ሊጡ የቀረኝ ለሁለት ትሪ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ትሪ ኦቨን ውስጥ ከትቼ፣ ታይመሩ ገና አራት ደቂቃ ሲቀረው በሬ ተንኳኳ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጋሼ ታደሰ ናቸው። «አውጪው ልጄ! አሁኑኑ!» አሉኝ። ሮጬ ኦቨኑን ስከፍት የኩኪዎቹ ጠርዝ ገና ቀላ ማለት ጀምሯል፤ አንድም ያረረ የለም።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ምንም ሳይሸተኝ፣ እሳቸው በሁለት በር አሻግረው! ያውም ያረረው የመጀመሪያው ትሪ ጭስ ገና ከቤቱ ሳይጠፋ! ጋሼን የማውቃቸው በፓርኪንግ ሥራቸው ብቻ ነው። «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ደሴ እያለሁ ሃያ ዓመት ዳቦ ቤት ጋግሬያለሁ። ስኳር ሊያር ሲል ሽታው ቀድሞ ይለወጣል» አሉኝ፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ይመስል።

እንዲቀምሱልኝ አንድ ኩኪ ስሰጣቸው «ቅቤ አለበት አይደል? ጾም ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የመጨረሻውን ትሪ ስከት ታይመሩን አልነካሁትም። ሽታው እንዲደርሳቸው በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ቁጭ አልኩ።