በተምር ሣጥን የተረፉ ፊደላት፦ የአቶ ክፍሉ በቀለ ዜና ሕይወት

በዚህ በድሬዳዋ ፀሐይ ቆማችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁና ፈረቃችሁን ለውጣችሁ አቶ ክፍሉ በቀለን ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጆች ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። እርሳቸው ረጅም ንግግር የማይወዱ ሰው ነበሩና የሕይወት ታሪካቸውን ስናነብ ብዙ አናቆያችሁም።

አቶ ክፍሉ ከሐዲድ ዘበኛው ከአባታቸው ከአቶ በቀለ ወልደ ሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺአረግ ማዘንጊያ በኅዳር ወር 1915 ዓ.ም. በምኤሶ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላም ወደ ድሬዳዋ መጥተው፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ታፔላ ይሠሩ ከነበሩት ግሪካዊ ከሙሴ ስታቭሮ ዘንድ በረዳትነት ተቀጠሩ።

ሙሴ ስታቭሮ ከተማው ሁሉ ፈረንሳይኛ በሚጽፍበት ዘመን ለራሳቸው ታፔላ እንግሊዝኛን የመረጡ ኩሩ ሰው ነበሩ፤ የዚያን ረጅም ታፔላ ፊደላት አንድ በአንድ ከዋንዛ እንጨት ቀርጸው በሱቁ ግንባር ላይ የሰቀሉት ደግሞ አቶ ክፍሉ ናቸው። እንግሊዝኛንም የተማሩት ከዚሁ ከእንጨቱ ነው፤ የአንዱን ቃል ፊደላት እያነሡና እያቀያየሩ ሌላ ቃል ሲሠሩ፣ ትርጉሙንም ከመዝገበ ቃላት ሲፈልጉ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቋንቋውን ለመዱት። አንድ ጊዜ «ሆቴል» ከሚለው ቃል ፊደላት ውስጥ የእንግሊዞቹ «ሙቅ» እና «ቀዳዳ» እንደሚወጡ ለአንድ ባለ ሆቴል በደስታ ሲያስረዱ፣ ሰውየው ቤቴን ሰደበብኝ ብሎ ሥራውን ሊነጥቃቸው ምንም አልቀረውም ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጋር ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው፣ ጎጇቸውን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ቀልሰው፣ አቶ ሣህሉንና ወይዘሮ አፀደን ወለዱ።

በ1968 ዓ.ም. የሙሴ ስታቭሮ ሱቅ ተወርሶ እርሳቸውም ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሻንጣቸውን ባሠሩበት ቀን፣ ገና በአፍላ ዕድሜ ላይ የነበረው ሣህሉ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ወጥቶ ያንን ታፔላ በሽማግሌው ፊት በመጥረቢያ አወረደው፤ ከፊሉም ለማገዶ ሄደ። አቶ ክፍሉ የተረፉትን ፊደላት ከመንገድ ለቃቅመው ከጅቡቲ በመጣ የተምር ሣጥን ውስጥ ከከተቱ በኋላ፣ በሽማግሎች ፊት «በሚካኤል ገዝቻለሁ፤ ሣህሉ ስሞት አስከሬኔን እንዳይሸከም፣ አፈሬንም እንዳይመልስ!» አሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ከተማውን አዳረሰ፤ የእናት አንጀት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲነድድ ኖረ።

ሣህሉ ጎልማሳ ሆኖ፣ ሥራ ይዞ፣ ጥፋቱንም አውቆ በየዓመት በዓሉ ከደጅ ሲቆም፣ ሽማግሌም ሲላክ፣ አቶ ክፍሉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ለሌላው ልጅ ሁሉ ግን አባት ነበሩ፤ አመሻሽ ላይ ሣጥኑን ከደጃቸው ዘርግፈው የሰፈሩን ልጆች «ቃል ለቀማ» ያጫውቱ ነበር። ከእነዚያም አንዷ የጎረቤታቸው የባለሱቁ የአቶ ሸረፈዲን ልጅ ናፊሳ ስትሆን፣ አባቷ «አቦ ጋሽ ክፍሉ፣ ወላሂ ልጄ በእንቅልፏ ሳይቀር ፊደል ትለቅማለች!» እያሉ በኩራት ያማርሩ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ድንገተኛ ሕመም ቀኝ ጎናቸውን አስሮ አንደበታቸውን ዘጋው። ስኳር ዓይናቸውን አስቀድሞ አድክሞት ስለነበር የፊደል ገበታ ቢቀርብላቸው መለየት አቃታቸው፤ በእጃቸው የቀረጿቸውን የእንጨት ፊደላት ግን በግራ ጣታቸው ዳብሰው ያውቁ ነበር። መጀመሪያ ውኃ ሲፈልጉ ለቃሉ የምታስፈልገው ፊደል ከማገዶው ጋር ነድዳ ኖሮ፣ ከተረፉት ላይ «ዝናብ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሠሩ፤ ናፊሳ ስታነበው ቤተሰቡ ወጥቶ ጥርት ያለውን ሰማይ ሲያይ፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ግን ብርጭቆ ይዘው ገቡ።

ስለ ግዝቱ የተጠየቁት የንስሐ አባታቸው ያሰረው ራሱ በቃሉ ይፍታው፣ የበሽተኛ አንገት መነቅነቅ አይበቃም ብለው ነበር። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስም ያ ግዝቱን የሚፈታው ቃል የሚያነብ ሰው በሌለበት ሰዓት በፊደላቱ ተሠርቶ እንዳይበተን ሠጉ፤ በመሠረተ ትምህርት አማርኛ ማንበብ በተማሩ በጥቂት ዓመታቸው፣ ጎረቤት «በዚህ ዕድሜ ፈረንጅኛ!» ብሎ ሲስቅ፣ ከናፊሳ ዘንድ ቁጭ ብለው የእንግሊዝኛን ፊደል ጀመሩ። ከእንጀራና ከውኃ በፊት የጠየቋትም ተሸከም የሚለውን ቃል ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ ከሁለቱ በቀር በቤት ማንም ሳይኖር፣ አቶ ክፍሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ሣጥኑን አስቀርበው ፊደላቱን በሰሌዳ ላይ ይደረድሩ ጀመር። አንዷ ወድቃ ከአልጋው ሥር ብትገባ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ተንበርክከው አወጡላቸው፤ እርሳቸውም በቦታዋ አስቀመጧት። እመቤቲቱ በጣታቸው እየተከተሉ «ካሪ» ብለው አነበቡ፤ ተሸከም ማለት ነው። «ሣህሉን ነው?» ቢሏቸው አቶ ክፍሉ የባለቤታቸውን እጅ ጨብጠው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የንስሐ አባታቸው እስኪመጡ ማንም ሰሌዳውን እንዳይነካ እንደ ዘብ ቆሙ፤ አባም ናፊሳን አስነብበው ከተረዱ በኋላ፣ ጸሎት ደግመው ግዝቱን ፈቱ። አቶ ሣህሉ ከሥራ መጥተው ከአባታቸው እግር ላይ ሲወድቁ፣ ያቺ ግራ እጅ ራሳቸው ላይ አረፈች።

አቶ ክፍሉ በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ትናንት ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስን፣ ልጆቻቸውን አቶ ሣህሉንና ወይዘሮ አፀደን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ቃል ለቅመው ያደጉ የመጋላና የከዚራ ልጆችን ትተዋል። ዛሬ ከቤታቸው አንሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ እስከዚህ ቅጽር ድረስ የአስከሬን ሣጥኑን ፊት የያዙት፣ ለዕረፍት እንኳ ትከሻቸውን ለማንም አልለውጥም ያሉት አቶ ሣህሉ ናቸው፤ የመጀመሪያውንም አፈር እርሳቸው ይመልሳሉ።

ልጅን ለአባቱ የመለሰ አምላክ የአቶ ክፍሉን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍ፤ ለእኛም ሳይመሽ ይቅር የምንባባልበትን ልብ ይስጠን። አሜን።