የለሃቪሙ እንቁላል

ጥሩዬ! ነይ እዚህ ጥላው ውስጥ ቁጭ በይ... አውቶቡሱ እንደሁ የኛን የዳሌት ሰፈርን ሰው ማስጠበቅ ይወዳል። ደህና ነሽ? ጉልበትሽስ? እኔማ እግዜር ይመስገን። ይሄን ባዶ ሻንጣ አይተሽ የት ልትሄድ ነው አልሽ አይደል? ለሃቪም ነው፣ ወንድሜ መለሰ ቤት። አባባን ላመጣቸው ነው። ዛሬ አርብ አይደል? ሰንበት ሳይገባ እቤቴ እንዲገቡልኝ።

ኧረ ማንም አልበደላቸውም! ስም አልጠራም እንጂ፣ የዚያ ቤት እመቤት እንዴት ያለች ሴት መሰለችሽ... ለነገሩ አክስቷ ነሽ፣ ላንቺ ማን ይነግርሻል? ሰርጓ ላይ «ባለሙያ ናት» ብለሽ የማልሽልን አንቺ አይደለሽ? «የዳሌት ፎቅ ደረጃ ለሽማግሌ አይሆንም፣ እኛ ጋ ግቢ አለ፣ አበባ አለ» ብላ ነው አባባን የወሰደቻቸው። ደረጃውም እውነት ነው፣ አበባውም እውነት ነው። አበባ አይበላም እንጂ...

ደግሞ ጊዜ አታባክንም። እኛ ሞኞቹ ወጥ ለማሞቅ ስንት እንለፋለን? እኔም ቤት ሚክሮጋል አለ፣ ያው ማይክሮዌቭ። ክዳን ጣል አደርግበታለሁ፣ መሃል ላይ አውጥቼ አማስላለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ፣ ከወጣም በኋላ ሙቀቱ እንዲዳረስ ትንሽ አቆየዋለሁ። እሷ ምን በወጣት ታማስላለች? ጥፍሯስ? ሰሃኑን ታስገባለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ስልኳን ታነሳለች። ዳር ዳሩ ይንተከተካል፣ መሃሉ ከፍሪጅ እንደወጣ... በአንድ ሰሃን በጋንም ክረምትንም ማቅረብ ልግስና አይደለም? የአባባ ሆድ ሲታወክ ደግሞ «እርጅና ነው» አለች። ሐኪምም ወጥቷታል በይ!

ትናንት ዶሮ ወጥ ነበር። ወጡ ከኔ የተላከ፣ እንቁላሉ የሷ። እኔ እንደምታውቂው እንቁላሉን በቢላ ጫር ጫር አደርገዋለሁ፣ ወጡ እንዲገባው። እሷ ግን መልኩ እንዳይበላሽ አዝና ድፍኑን ከነወጡ ሚክሮጋል ውስጥ ከተተችው። ድፍን እንቁላል፣ ጥሩዬ! እንፋሎቱ በየት ይውጣ? አባባ ሹካቸውን ሲሰኩበት... ድው! ወጡ ጣሪያ ላይ፣ ነጭ ሸሚዛቸው ቀይ። ሮኬት የወደቀ መስሏቸው ተነስተው ማማድ ገቡ፣ መጠለያ ክፍሉ ውስጥ፣ ያንን የብረት በር ጥርቅም አደረጉት። ያ አልነሳ ያለ ጉልበት! እኔ ስንት ጊዜ ሐኪም ቤት አመላልሼ ያቃተኝን፣ እሷ በአንድ እንቁላል አስሮጠቻቸው። ይሄ ሙያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

መለሰ በስልክ ሲነግረኝ በሳቅ ልሞት... ኋላ ግን አባባ ራሳቸው ከዚያው ክፍል ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሮኬቱ ጋብ ሲል ነይና ውሰጂኝ» አሉኝ። ያኔ አለቀስኩ፣ ምን እዋሽሻለሁ። ከንፈራቸው ተልጧል፤ ዓይናቸውን እግዜር አተረፈልኝ። ከእንግዲህ እኔው ጋ ናቸው፣ ደረጃውን ተደግፈውኝ ይወጡታል።

ይኸው አውቶቡሱ መጣ። ቅሬታ የለኝም በያት። እንዲያውም ምርቃት ልኬላታለሁ፣ ሳትቀንሺ አድርሺልኝ... እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣት። ጸጉሯ እስኪነጣ፣ ጥርሷ እስኪረግፍ ያኑራት። ልጇ ኢታይም አድጎ ለወግ ለማዕረግ ይብቃላት፤ ልክ እንደ እናቱ ያለች ባለሙያ ያግባ። እርጅናዋንም በዚያች ምራቷ እጅ ያድርግላት። አሜን በይ እንጂ፣ ጥሩዬ!