የማክሰኞው የአንድ ቃል ሰዓት

ክቡር ዳይሬክተር ሻኦ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ይህን ምሳ ስላዘጋጃችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዳክዬው ግሩም ነው። ቀደም ብላችሁ እንዲህ አብልታችሁኝ ቢሆን ኖሮ ጡረታ የሚባል ነገር አላነሣም ነበር።

ስለ ራሴ ብዙ አልናገርም። ታውቁኛላችሁ፤ እንግሊዝኛን ብቻዬን ከሬዲዮ ስለተማርኩ፣ «እንደምን አደራችሁ» ስል እንኳ ዜና የማነብ እመስላለሁ። የምናገረው ስለ ማክሰኞ ሰዓታችን ነው። በየሳምንቱ አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘን ትርጉሞቹን ከተማሪዎቹ ጋር የምናሳድድበት ሰዓት ከመስከረም ጀምሮ ይቀራል ተብሏል። «ለፈተና አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም ይበቃል» ነው ነገሩ።

ይበቃል?

የቀድሞ ተማሪያችንን ሉ ሚንሺያን ታስታውሷታላችሁ? ባቡር ጣቢያ የመረጃ መስኮት ላይ ተቀጥራ ነበር። አንድ የውጭ አገር ሰው እያለከለከ መጥቶ ባቡሩን «ሚስ» እንዳደረገ ነገራት። እሷ የተማረችው «ሚስ» ማለት መናፈቅ እንደሆነ ብቻ ነው። 

«አይዞዎት፣ ባቡሩም ይናፍቅዎታል» አለችው።

ሳቁ፣ ግድ የለም፣ ሳቁ! ሰውየው ግን ባቡር አመለጠኝ ማለቱ ነበር። እሷ ስታጽናናው ቀጣዩም አመለጠው። አለቃዋ ከመስኮቱ አንሥቶ ሻንጣ ወደሚፈተሽበት ላካት። እዚህ መጥታ፣ «መምህር ዌን፣ ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው ለምን ማንም አልነገረኝም?» ብላ አለቀሰች። የማክሰኞው ሰዓት የተጀመረው በዚህ ነው።

«ብዙ ትርጉም ልጆቹን ያደናግራል» ትላላችሁ። የእኛን ልጆች? በቻይንኛችን በር ሲከፈት «ካይ»፣ መብራት ሲበራ «ካይ»፣ መኪና ሲነዳ «ካይ»፣ ውሃ ሲፈላ «ካይ»፣ አበባ ሲፈነዳም «ካይ» እየተባለ ያደጉትን? እስከ ዛሬ አበባ ልንዳ ብሎ የተነሣ ልጅ አይታችኋል? እንግሊዝኛ ላይ ደርሰው «መብራቱን ክፈተው» የሚሉት፣ የእኛ ቃልና የእነሱ ቃል ስፋታቸው እንደሚለያይ የሚያሳያቸው ሲያጡ ነው።

ትናንት ዳይሬክተር ሻኦ ቢሮ ገብቼ ነበር።

«ጋሼ ዌን፣ እርስዎ ከሄዱ ማን ያስተምረዋል?»

«መምህርት ጋን።»

«ገና ልጅ ናት እኮ!»

«እኔም ልጅ ነበርኩ፤ በኋላ ለቀቀኝ።»

«እስቲ እናስብበት» አሉኝ። በዚህ ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቃል «እናስብበት» ነው።

ስለዚህ በሁላችሁ ፊት እጠይቃለሁ። ስጦታ አልፈልግም፤ ያንን የገዛችሁልኝን ቴርሞስ ለሌላ ስጡት። ጋን ሩዎላን፣ ልጄ፣ እስቲ ተነሺ። ማክሰኞን ትረከቢኛለሽ? ጮክ በይ፣ ዳይሬክተሩ ይስሙ! ጎሽ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ይፈቅዳሉ?

አያችሁ? ራሳቸውን ነቀነቁ! መነቅነቅም ሁለት ትርጉም አለው እንዳትሉኝ፤ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ። አጨብጭቡ እንጂ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ!

ድምፃችሁ አይዘጋ፣ ጉልበታችሁ አይድከም። ተማሪዎቻችሁ አድገው እናንተኑ የሚያርሙ ይሁኑ። ሩዎላን፣ ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ማንም እንዳይነጥቅሽ።