በሻሽ የተሸፈነው ኮምፒዩተር

አሰላሙ ዐለይኩም አው ሙሜ። እንዴት ዋሉ? ቤተሰቡስ? ለይላስ ከድሬዳዋ ተመለሰች? አልሐምዱሊላህ። አይነሡ፣ አይነሡ። መርፌውን በአፍዎ እንደያዙ ሥራዎን ይቀጥሉ፤ እኔ ይቺን ቀሚስ ላሳጥር ነው የመጣሁት፣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። መኪና ግርግር፣ ይህ የሰፊዎች መንገድ፣ ዛሬ ምነው እንዲህ ጭር አለ? ዝናቡ ነው መሰለኝ፤ ልብስ ሰፊው ሁሉ መኪናውን ወደ ውስጥ አስገብቷል።

ጓድ ኃላፊያችንም እዚህ ናቸው ለካ... ጀርባዎን ሲሰጡኝ በዚህ ኮት ሌላ ሰው መስለውኝ። እንደምን ዋሉ ጓድ? አምሮብዎታል። እጅጌው ገና በመርፌ ነው የተያዘው፣ እንዳይንቀሳቀሱ። እርስዎ ይለኩ፤ እኔና አው ሙሜ የራሳችንን ወሬ እናወራለን።

ይህቺ የስፌት መኪና የአባትዎ ናት አይደል አው ሙሜ? አርባ ዓመት አልፏታል፣ አሁንም ክሩን አትበጥስም። እርስዎ መቼም አሮጌ ነገር አይንቁም። አንዳንድ ሰው ደግሞ አለ፣ አዲስ ነገር ሲያይ ዓይኑ የሚበራ። እሱም ጥሩ ነው፤ አገር የሚያድገው በእንደዚህ ያለ ሰው ነው ይባል የለ? እስቲ ስለ አንድ እንዲህ ያሉ ሰው ላጫውትዎ። የእኛ መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ሌላ ነው። ሰውየውን አያውቋቸውም። ጓድም አያውቋቸውም... እንግዲህ።

ጃሚላን ግን ያውቋታል፤ የአቦከር ሰፈሯን፣ የዐብዱልቃዲርን ልጅ። በዚያ መሥሪያ ቤት ታይፕ ትጽፋለች። ለተራራው ገበሬ የቡና ችግኝ የሚያድል መሥሪያ ቤት ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አንድ ኮምፒዩተር መጣላቸው። ካርቶኑ ሲከፈት ሰው ቴሌቪዥን መስሎት ተሰበሰበ፤ ቢያዩት ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ነው፣ ሌላ ምንም የለው። ባለሙያው ሁለት ቀን ተቀምጦ ተከለውና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶ ሄደ። ሁሉም ፈራው። ማን ነካው? ጃሚላ። መጽሐፉን ቤቷ ወስዳ ቃል በቃል አነበበችው፤ ማሽኑ ሁለት አፍ አለው፣ በአንደኛው ለማሽኑ የራሱን ትምህርት በዲስኬት ታጎርሰዋለች፣ በሁለተኛው ደግሞ የገበሬውን ስም ትጽፍበታለች። ዲስኬት የሚሉት እንደ ፖስታ ስስ የሆነ ጥቁር ነገር ነው፤ ጽሑፉ እሱ ላይ ይቀራል። እንዲህ እያጎረሰች በሦስት ዓመት የአንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ አባወራ ስም ከነቀበሌው አስገባች። ከተራራው የወረደ ገበሬ መስኮቷ ላይ ቆሞ ስሙን ሲናገር፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታወጣለታለች።

በሰማንያ ሁለት አዲሱ መጣ። ማሻአላህ፣ ስክሪኑ ባለ ቀለም። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሃርድ ዲስክ የሚሉት አለው፤ ማጉረስ ቀረ፣ ሁሉን ዋጥ አድርጎ ይይዛል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ እኚያ ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ ሥልጠና የተመለሱት። ስድስት ሳምንት ተምረው። ሰው በስድስት ሳምንት ስንት ነገር ይማራል መሰለዎት? ጥቁር መነጽር ማድረግ፣ 'ሲስተም' ማለት፣ በር መቆለፍ... ትጉህ ሰው ናቸው። አዲሱን ኮምፒዩተር በራሳቸው ቢሮ አስገቡት፤ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ ቁልፉ ኪሳቸው ገባ። ጃሚላን ጠርተው የዲስኬቱን ሁሉ ወደ አዲሱ እንድትገለብጥ አዘዟት። ስትጨርስ አመስግነው መዝገብ ቤት ወዳለው ታይፗ መለሷት። አሮጌው ኮምፒዩተር ዘመኑ ያለፈበት ስለሆነ ከወዳደቀ ዕቃ ጋር ይቀመጥ ተባለ።

መቼም፣ የድሮ ወዳጅህን በምን ቀበርከው ቢሉት፣ በሻሽ፤ ለምን ቢሉት፣ የአሁኑ እንዳይሸሽ፣ አለ ይባላል። እሳቸው ሻሹንም ነፍገውት ነበር። ሻሹን ያለበሰችው ጃሚላ ናት። አሮጌውን መዝገብ ቤት ጥግ አስቀምጣ፣ አቧራ እንዳይገባበት የራሷን ሻሽ ጣል አደረገችበት። ምን አገባት አይበሉ። የቀበሌ ሊቀመንበሮች በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ እገሌ ሞተ፣ እገሊት ወራሽ ሆነች፣ እገሌ መሬቱን ለልጁ ከፈለ ይላሉ። ይህ አዲሱ ላይ እንዲጻፍ እኚያን ሰው ሲፈልጓቸው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። በሩ ቁልፍ። ታዲያ ገበሬውን ወደ ተራራው ባዶ እጁን ትመልሰው? ምሳ ሰዓቷን እየሠዋች በአሮጌው ታርመዋለች።

ቀዩን ክር ነው የፈለጉት አው ሙሜ? ይኸውልዎ፣ ከወንበሩ ሥር ወድቋል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ቀን ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ ዝርዝሩን አይተው ሲፈርሙ ችግኙ ከመደቡ ይነሣል። ዝናቡ ደርሷል፣ ሳምንት ካለፈ ችግኝ አይተከልም። እኚያ ሰው ሥራ ስለሚወዱ ዝርዝሩ ለእንግዶቹ እንዲያምር ፈለጉ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ በራቸውን ዘግተው 'ፎርማት' የሚል ትእዛዝ ጻፉበት። ምን ያጠፋሉ? በደብዳቤ ዓለም ፎርማት ማለት ማሳመር ነው፤ ህዳጉን ማስተካከል፣ አርእስቱን መሀል ማድረግ። ማሽኑ ግን እንደ ታይፕ አይደለም። እሱም ጨዋ ነው፣ 'ውስጤ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?' ብሎ ጠየቃቸው። የጠየቃቸው በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸው ደግሞ በእንግሊዝኛ ለተጠየቁት ሁሉ 'የስ' ማለት ልማዳቸው ነው... ትሑት ሰው ናቸው፣ ከማሽንም ጋር አይከራከሩም።

አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ አባወራ ውልቅ አለ። ስክሪኑ ሲታይ ግን ንጹሕ ሆኗል፣ እሱን አይክዱም።

ምነው ጓድ፣ ወጋዎት? አው ሙሜ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከየት ሰማሽ አይበሉኝ። እኔ ያን ቀን፣ እንዲያው በአጋጣሚ፣ የዚያ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ ፋይል እፈልግ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እኚያ ሰው ገቡ። በሩን መለስ አደረጉት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ለካ ዓይናቸው ቆንጆ ነው። ዓመት ሙሉ 'ታይፒስቷ' ሲሏት የነበሩት ሰው፣ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ሆኖ፣ “ጃሚላ፣ ያ አሮጌው እስካሁን ይሠራል?” አሏት።

እጇን ከታይፑ ላይ አላነሣችም። “ይሠራል፤ የሚነካው እኔ ብቻ ነኝ” አለቻቸው።

ሌላ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም፣ ወላሂ። አዲሱን ማን አጠፋው ብላ እንኳን አልጠየቀችም። ሻሿን አነሣች፣ ዲስኬቶቿን አጎረሰች፣ ፕሪንተሩን ቀጠለች። እሮብን እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ያ ፕሪንተር ሲንጫጫ ዋለ። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አልቆሙም፤ ወረቀቱ ሲወጣ በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ ያጥፉ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አስተጣጠፋቸው ጥሩ ነው።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ባለ ቀለሙ ኮምፒዩተር በርቷል፣ ውስጡ ምንም የለም፤ ወረቀቱ አጠገቡ ተከምሯል። እኚያ ሰው ዘመናዊው መሣሪያችን ያወጣው ነው ብለው አስረዱ። ጃሚላ ሻይ እንድታቀርብ ታዘዘች። ከእንግዶቹ አንደኛው ጠያቂ ቢጤ ነበሩና፣ አባወራው ሲሞት ወራሹ እንዴት ይገባል ብለው ጠየቁ። እኚያ ሰው የወረቀቱን ጠርዝ ያስተካክሉ ጀመር። ጃሚላ ብርጭቆውን እያስቀመጠች፣ በየሳምንቱ ከቀበሌ እንደሚመጣ፣ ከሟቹ ስም ጎን የወራሹ እንደሚጻፍ ተናገረች፤ ወረቀቱንም ገልጣ የዐብዱልገኒን መበለት፣ የዐይሻን ስም አሳየቻቸው። ባሏ በጥር ነው የሞተው። አዲሱ ማሽን ቢተርፍም ኖሮ ዐይሻ እዚያ አልነበረችም። እንግዳው ጃሚላን ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ እኚያን ሰው አዩ። ከዚያ ፈረሙ።

ችግኙ በጊዜው ወጣ። ዐይሻ አራት ልጆቿን አስከትላ መጥታ ስልሳ ችግኝ በአህያ ጭና ሄደች። ባለፈው ጊደር መጋላ ገበያ አግኝቻት ነበር፤ ሁሉም ይዟል፣ ሦስቱ ብቻ ደረቁ አለችኝ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይላሉ አባቶች። በዚያ መሥሪያ ቤት ግን ትንሽ ተሻሽሏል፤ ሥራ ለሠሪው፣ ጭብጨባ ለቆላፊው።

ለእኚያ ሰው የምስክር ወረቀት መጣላቸው። ከዚያም አልፎ፣ ሌሎችን ኮምፒዩተር እንዲያሠለጥኑ ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። ይገባቸዋል፤ ኮምፒዩተርን ባዶ ማድረግ እንደ እሳቸው የሚችል በሐረርጌ አለ? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል እኛ እንስቅበታለን። ምን ያድርግ ታዲያ? በሚያውቁት አገር ማን ያነጥፍለታል?

የዝውውሩን ደብዳቤ የጻፈችው ማን ይመስልዎታል? ጃሚላ ናት። ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንድ የፊደል ስሕተት፣ አንድ የተዛነፈ መስመር የለበትም። እንደዚያ ተጠንቅቃ የጻፈችው ደብዳቤ የለም፤ ለፊርማ ሄዶ ተስተካክሎ ይምጣ እንዳይባልባት ፈርታ ነው። ቁልፉን ሰኞ ያስረክቧታል አሉ። መጋረጃውን አውርዳ መስኮቱን ልትከፍተው ነው፤ ገበሬው ስሙን ከውጭ እንዲናገር። አሮጌውንም አትጥለውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ታደርጋለች፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ያስታምመዋል ብላ።

ጨረሱ እንዴ አው ሙሜ? ኮቱ በልክዎ ሆነ። ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፋ፣ ግን ሹመት ይሞላዋል። ጓድ፣ የሰው ወሬ አሰለቸሁዎ፣ ይቅርታ። እኛ ሴቶች ስንቀመጥ አፋችን አያርፍም። ደግሞ እኔ እኚያን ሰው በክፉ አላነሣኋቸውም፤ መንገደኛ ስለሆኑ ዱዓ ላድርግላቸው ብዬ ነው።

አላህ መንገዳቸውን ያቅናላቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ የተቀመጡበት ወንበር አይነቃነቅባቸው። በሄዱበት ሁሉ አንዲት ጃሚላ ከጎናቸው አያሳጣቸው። አንድም ቀን፣ ለአንዲት ሰዓት እንኳን፣ ብቻቸውን ከሚያውቁት ነገር ጋር አይተዋቸው።