ቀን ያልተቆረጠለት ጣሪያ

አባባ ኦጁሉና መምህርት ኛሩአች በአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ቢቆሙም፣ የሚያመሳስላቸው የቆሙበት ጥላ ብቻ ነበር። እርሳቸው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በጉልምስናቸው በባሮ ወደብ የመርከብ ጭነት ሲቀበሉ የኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሆነው የተመረጡ፣ ሰው ላይ ጮኸው የማያውቁ አኙዋክ ናቸው። እርሷ ደግሞ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት፣ ጅማ ተምራ የተመለሰች፣ ያሰበችውን ሳትናገር ውላ የማታድር የኑዌር ልጅ ናት። በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ሚያዝያ በገባ በሳምንቱ፣ ጋምቤላ ከተማ ከአቦቦ የሚመጡ መኪኖች በሚቆሙበት ሜዳ ተገናኙ። እርሷ የምትጠብቀው ለትምህርት ቤቱ የተላከ ጠመኔ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ? እንግዳ ይጠብቃሉ?»

«እንግዳስ በሆነልኝ! እንግዳ መምጫውን ይናገራል። እኔ የምጠብቀው ዘውዱን ነው።»

ዘውዱ አቦቦ ከሰፈሩት ደገኞች አንዱ ነው። እጁ የተባረከ ጣሪያ ሠሪ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ቀጠሮው ግን እንደ ጤዛ ነው። የአባባ ኦጁሉን የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሊለውጥ ተስማምቶ በመጣ ዕለት ሣሩን በግማሽ ቀን አወረደ፤ በአንድ ወገን ማገር መትቶ ሄደ፤ ይኸው ዐሥራ ሁለት ቀኑ። ቆርቆሮው ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ቤቱ ሰማይ ያያል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አጅዋንግ ዕቃቸውን ይዘው ጎረቤት ተጠግተዋል። ይህም ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን አቦቦ የተዳረችው ልጃቸው አኬሎ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ እጅ ልትወልድ የምትመጣበት ጊዜ ደርሷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ በኢታንግ በኩል ጠቁሮ ሲያጉረመርም ዋለ።

«ለመሆኑ መቼ እጨርሳለሁ ብሎዎት ነበር?» አለች ኛሩአች።

«አልጠየቅሁትም።»

«አልጠየቁትም!»

«ልጄ፣ በእኛ ዘንድ ቤት ሲሠራ ጎረቤት ይጠራል። ባለቤቱ ዓሣውንና ገንፎውን ያቀርባል፤ የመጣው ሰው በልቶ፣ ዘፍኖ፣ ሠርቶ ይሄዳል። ‹መቼ ትጨርሳለህ› ማለት ‹ምግቤን አትጨርስብኝ› ማለት ነው። ዘውዱንም እንደዚያው ተቀበልሁት። ዓሣ አበላሁት፤ በተመቸህ ጊዜ ሥራ አልሁት። ነውር ሠራሁ?»

«ነውርስ የለበትም፣ አባባ። ነገር ግን ጎረቤትዎ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ፣ ነገ የእርሱ ቤት ሲሠራ እርስዎን ለመጥራት ያፍራል። ዘውዱ እርስዎን የሚጠራበት ቀን አለው?»

አባባ ኦጁሉ ክርክሩን ወደ መጽሐፍ ወሰዱት።

«አንቺ አስፈርመው ልትዪኝ ነው። መጽሐፉ ‹ቃላችሁ አዎን አዎን ይሁን› ይላል። ሰውን ማስፈረም ሌባ ነህ ከማለት በምን ይለያል?»

«እግዚአብሔርስ ትእዛዛቱን በጽላት ላይ ጽፎ አልሰጠም?»

«ጽፎ ሰጠ፤ ሙሴም ከተራራው ሲወርድ ሰበራቸው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

«ተሰብረው ቀሩ? እንደ ገና ተጻፉ እንጂ!»

ሳቃቸው ወደ ፈገግታ ወረደ። ኛሩአችም ጊዜ አልሰጠቻቸውም።

«አባቴ ኮንግ ከእርስዎ ጋር ወደብ ሲሠራ የነበረውን ያጫውተኛል። የመርከቡን አዛዥ የምትነሣው መቼ ነው ሲሉት ይቆጣ ነበር?»

«ምን ያስቆጣዋል? አንድ ሳምንት ቢዘገይ ባሮ ይጎድልና አሸዋ ላይ ይቀመጣል። አንዱ እንደዚያ ሆኖ እስከሚቀጥለው ክረምት ፍየል ስትወጣበት አይቻለሁ።»

«እንግዲህ ቀን የተቆረጠው አዛዡ ቀጣፊ ስለ ሆነ አይደለም፤ ወንዙ ስለማይጠብቅ ነው። ዝናቡስ እርስዎን ይጠብቃል? አኬሎስ?»

ሰው በሥራ ቦታው ብልህ ሆኖ ሳለ ያንኑ ብልኃት ከቤቱ ደጃፍ ላይ አራግፎ መግባቱ የተለመደ ነው። አባባ ኦጁሉም ዐሥር ዓመት ሙሉ በየመርከቡ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ፣ ሰደቡኝ ያለ አንድም ሰው አለመኖሩን ያስታወሱት ገና አሁን ነበር።

በዚህ መካከል መኪናው ደረሰ፤ ዘውዱ መዶሻውን በወገቡ ሽጦ ከጭነቱ ላይ ዘለለ። አባባን ሲያይ ሊሸሸግ ፈልጎ መሸሸጊያ አጣ።

«አባባ! ይማሩኝ፣ አፈር ልሁንልዎ! ዛሬ ሚስማር ልገዛ ነው የመጣሁት፤ ነገ የእርስዎ ነኝ። መቼም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ያንተ እንቁላል በዐሥራ ሁለት ቀን አንድ ጣት እንኳ አላወጣም» አለች ኛሩአች።

አባባ ኦጁሉ ግን በጸጥታ ጠየቁት። «ዘውዱ፣ ልጄ፣ እንደ እኔ ክዳኑን ያወረድህበት ስንት ቤት አለ?»

ዘውዱ መሬት መሬት እያየ «አራት» አለ።

«ለምን አንዱን ሳትጨርስ?»

«ክዳኑን ያወረድሁለት ሰው ሌላ ሠራተኛ አይጠራም። ከዚያ ወዲያ የጮኸብኝ ጋ እሮጣለሁ። እርስዎ አይጮኹም፤ ያበሉኛል። እውነቱን ልናገር? ከሁሉ የማፍረው እርስዎን ነው፤ ስለማፍር ነው በሰፈርዎ የማላልፈው።»

ይህ ቃል ከመምህርቷ ክርክር ሁሉ ይልቅ ሽማግሌውን ወጋቸው። «እንዲያ ከሆነ ቤቴን ያፈረሰው ደግነቴ ነው» አሉ።

«ደግነትዎ አይደለም፤ ቀን አለመቁረጥዎ ነው» አለች ኛሩአች፤ ከደብተሯም አንድ ገጽ ቀደደች።

ዘውዱ ደነገጠ። «ቀበሌ ልታቆሙኝ ነው?»

«ወረቀቱ ላንተም ነው። ሌላው ሲጮኽብህ ‹እስከ ዓርብ የአባባ ኦጁሉ ነኝ› ብለህ የምታሳየው ይኖርሃል።»

ዘውዱ ራሱን አከከ። «ይህስ መልካም ነው፤ ዓርብ ይበቃኛል፤ ግራና ቀኝ ሲጎትቱኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ግን እኔም የማስጽፈው አለኝ። እንጨቱ ተስተካክሎ ይጠብቀኝ፤ ጣሪያ ላይ ስወጣም ‹ና ብላ› እያላችሁ አታውርዱኝ!»

አባባ ኦጁሉ እየሳቁ በመጀመሪያ ራሳቸው ፈረሙ፤ ዘውዱም ተከተለ። ሁለቱም የገቡት ግዴታ ተጽፎ ሲያዩት፣ ወረቀቱ አንዱን ለማሰር ሳይሆን ሁለቱን ከመተፋፈር ለማውጣት መሆኑ ገባቸው። ቀኑ የታወቀ ሥራ ባለቤቱን ከልመና፣ ሠራተኛውንም ከውሸት ያድናል፤ መከባበሩም ባለበት ይቆያል።

በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ የዘውዱ መዶሻ ድምፅ ከላይ እየተሰማ፣ አባባ ኦጁሉ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ኦሞትን ግቢው ውስጥ አስቀመጡ።

«ስሙኝ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚጨርስበትን ቀን ያልተናገረ ሠራተኛ አንዲት ሣር አይነቅልም። እኔም ለመጠየቅ አላፍርም።»

«ዓርብ ባይጨርስስ?» አሉ ወይዘሮ አጅዋንግ።

«ቅዳሜ ጧት ሌላው ጣሪያ ሠሪ ፓል ይወጣበታል፤ ዘውዱ ራሱ ፈርሞበታል። አንቺም ዓሣውን ማታ ከሥራ ሲወርድ ስጪው እንጂ አሁን አትጥሪው። ኦሞት፣ አንተ እሑድ አቦቦ ሂድና እኅትህን ይዘሃት ና። አኬሎ የምትወልደው እዚሁ፣ በአባቷ ጣሪያ ሥር ነው።»