ሁለት ስንዝር የቀረው ስጋጃ

(ሞሮኮ፣ አትላስ ተራራ ላይ ባለች የበርበሮች መንደር፤ ባህል ሊያዩ የመጡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ተሳፍረው ሲጠብቁ፣ የቡድኑ መሪ መምህር ቢሻውና ተማሪዋ ማስተዋል አውቶቡሱ በር ላይ ቆመዋል።)

ማስተዋል፦ ተመልሰን ሸማኔዋን እማማ ኢቶን ይቅርታ ካልጠየቅን እኔ አልሳፈርም።

ቢሻው፦ የምን ይቅርታ? ሴትዮዋ እኮ ደስ ብሏት ውሃ ረጨችልን። መቶ አገር ዞሬ እንደዛሬ የተከበርኩበት የለም።

ማስተዋል፦ ትናንት ሰማንያ ነበር ያሉን።

ቢሻው፦ ሌሊት ሳስበው የረሳኋቸው ትዝ አሉኝ።

ማስተዋል፦ ቢላዋ አንስተው ድሩን ሲቆርጡባት ምን ታየዎት? ስጋጃው ገና ሁለት ስንዝር ይቀረው ነበር።

ቢሻው፦ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ በቀን አርባ ጋቢ ያወርድ ነበር፤ እኔም ጥርሴን የነቀልኩት እዚያው ነው። ማለቁን በዓይኔ ለካሁት። እናንተስ አጨብጭባችሁ የለ?

ማስተዋል፦ ባለማወቅ ነዋ። ኋላ ምራቷን በፈረንሳይኛ ጠየቅኳት። እነሱ ስጋጃ ነፍስ አለው ነው የሚሉት። ድሩ ሲወጠር ይወለዳል፣ ሲቆረጥ ይሞታል፤ የምትቆርጠውም የሸመነችው ሴት ናት። ያ ውሃ የሬሳ እጥበት ነው፣ መምህር።

ቢሻው፦ እንግዲህ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሌላ ትሸምናለቻ። ክሩን አንድ መርከብ ሙሉ እልክላታለሁ።

ማስተዋል፦ ዓይኗ እየጠፋ ነው። ሌላ ድር መወጠር እንደማትችል ስለምታውቅ፣ እንዳያልቅባት በቀን አንድ መስመር ብቻ ስትሠራ አራት ዓመቷ።

ቢሻው፦ በመንደሩ ሌላ ሸማኔ ጠፋ?

ማስተዋል፦ ወጣቶቹ ከተማ ወርደዋል። እሷ የመጨረሻዋ ነበረች።

ቢሻው፦ ታዲያ ሄጄ ምን ልበላት? ቋንቋዋን አላውቅ።

ማስተዋል፦ ጠዋት እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ ብለውን አልነበር?

ቢሻው፦ እስከ ሰላምታው ድረስ ነው የጠጣሁት።

ማስተዋል፦ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እጇን ይሳሙና ይበቃል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አይበሉ።

ቢሻው፦ ስሚኝ። አባቴ ሸማኔ አልነበረም። የመጋዘን ዘበኛ ነበር። የሽመና ዕቃ በቅርብ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ለልጆቹ እንዳትነግሪብኝ።

ማስተዋል፦ አልናገርም። ይምጡ ብቻ።

ቢሻው፦ በየትኛው ፊቴ... ቆይ እስቲ። ከቤቷ ጭስ እየወጣ ነው። ሻይ ጥዳልናለች ማለት ነው። የተቀየመ ሰው ሻይ አይጥድም፤ ይሄን እንኳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ምራቷም ከጣሪያው ላይ እየጠራችን ነው። ምን ትላለች?

ማስተዋል፦ እማማ ኢቶ የሽመና ዕቃዋን እንጨት ፈልጣ አንድዳዋለች። ሻዩ ደርሷል፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ የመምህሩ ነው ትላለች።