ሚስት ያገቡት ጳጳስ

እኔ ልሙት፣ ከምነግራችሁ ውስጥ አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ሚኒያፖሊስ በሽተኞችን ከክሊኒክ ቤታቸው የማመላለስ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር በሚሆንበት ክረምት፣ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ይዤ ወደ ብሩክሊን ፓርክ ድራይቭ አደርጋለሁ። ዕድሜያቸው ቢያንስ መቶ ሃምሳ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካ ውስጥ የአንድ አገር የመጀመሪያው የአንግሊካን ጳጳስ እንደነበሩ ሲነግሩኝ፣ ቀይ መብራት ላይ ኮፍያዬን አወለቅሁና «አባታችን፣ ይባርኩኝ» አልኳቸው።

«ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማንም ባርከኝ ብሎኝ አያውቅም» አሉ።

«ሚስት?!» መኪናዋን የበረዶ ክምር ላይ ልሰቅላት ነበር። «እኛ ዘንድ ጳጳስ መነኩሴ ነው እኮ! እንዴት ተደርጎ!»

ይቆጣሉ ስል፣ «የእናንተ ሥርዓት ይሻላል» አሉኝ። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በብስክሌት ከመንደር መንደር ቤተ ክርስቲያን ስተክል፣ እሷ ራቷን ለብቻዋ በላች። መነኩሴ ብሆን ኖሮ፣ ብቻውን የሚበላው አንድ ሰው ብቻ በሆነ ነበር።»

ደጃፋቸው ስንደርስ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ባረኩኝና «ሴት ልጄ ከሥራ እስክትመለስ ሻይ ላፍላልህ?» አሉ። ገባሁ። እሷ እስክትመጣ ስናወጋ ዋልን።

መቼም ምያለሁና፣ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሬያለሁ፤ አልገባሁም። ሌላ በሽተኛ ይጠብቀኝ ስለነበር «ሌላ ቀን፣ አባታችን» ብያቸው ሄድኩ።